ማጥ ያልነው ጎተራ

ሰው ሲቸገር «ማጥ ውስጥ ገባ» እንላለን። ዘመን አልራመድ ሲለንም «ረግረግ ውስጥ ተዘፈቅን» ብለን እንጽፋለን። ከደጋ ሆኖ ለሚያይ ምሳሌው ይሰምር ይሆናል፤ ለባሮ ዳሯ ለኢታንግ ግን አይሰምርም ባይ ነኝ።

ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በባሮ ዳርቻ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ባሮ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ከፍታዎች እየተንደረደረ ወርዶ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይረጋል። በክረምት ሞልቶ ዳርቻውን ይሸፍናል፤ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅም ከውሃው ከፊሉ በደቡብ ሱዳን የማቻር ረግረግ ላይ ይተኛል። በጋ ሲገባ ውሃው ይሸሻል። ያኔ አኙዋኩ ውሃ በለቀቀው አፈር ላይ በቆሎና ማሽላ ይዘራል፤ ዓሣም ያጠምዳል። ኑዌሩ ደግሞ ከብቶቹን ሣሩ ወዳልደረቀበት ወንዝና ረግረግ ዳር ይነዳል። ወባና ጎርፍ የለም ማለቴ አይደለም። ሆኖም እኛ ማጥ ያልነው ለእነርሱ ጎተራም ግጦሽም ነው።

አገሩ ከታሪክ ዳር የተጣለም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር፣ በጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ቆመ። የምዕራቡ ቡና ከደጋ ወርዶ፣ ባሮ በሚሞላበት ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። በ1905 የተመሠረተው የአቢሲኒያ ባንክም እዚያ ወኪል ነበረው። ጣቢያው በ1956፣ ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በ1980ዎቹ ደግሞ ኢታንግ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ከ200,000 በላይ ስደተኞችን አስጠለለች፤ መጠለያው በ1991 ባዶ ሆነ።

ውድ አንባብያን፣ ልብ እንበል፤ የዚህ አካባቢ ስም የሰፈረው በውል፣ በሒሳብ መዝገብና በስደተኞች ዝርዝር ላይ ነው። እኔ እንጀራዬን የማገኘው ከባንክ መዝገብ፣ ምሽቴን የማሳልፈው ከግጥም ጋር ነውና ይህ ነገር ይከነክነኛል። የባንክ ሰው ባሮን ከመቶ ዓመት በፊት አውቆታል፤ ግጥማችን ግን ዛሬም በአብዛኛው ከዓባይና ከአዋሽ አይርቅም። መዝገብ የተጫነውን ቡና ይቆጥራል እንጂ ውሃው ሲሸሽ ዘር ይዞ የሚወርደውን ገበሬ አያይም። ያን ማየት የሥነ ጽሑፍ ድርሻ ነበር።

መፍትሔው ከደጋ ወርደን ስለ ቆላው በውሰት መቀኘት አይመስለኝም። አኙዋኮች ባሮን «ኦፔኖ» ይሉታል። ኦፔኖ እያለ ያደገ ገጣሚ በራሱ ቋንቋ ሲጽፍ ይተርጎምለት፤ በአማርኛ ሲጽፍም ቦታ ይሰጠው። እርሱ «ማጥ» ብሎ ሲጽፍ ቃሉ የዓሣና የሣር ሽታ ይኖረዋል። ያን ጊዜ አማርኛችን አንዲት አዲስ ቃል ሳይጨምር ይሰፋል።