700 ኪሎ ሜትርና 20 ዓመት

ጎረቤቴ ለዓመታት አንድ ጥያቄ ነበራቸው። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም መሰለኝ፣ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር «መምህር፣ አሥመራ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?» ይሉኛል። እህታቸው እዚያ ናቸው።

መልሱ ቀላል ነው። ከቦሌ አሥመራ በአየር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቡናው ቀርቦ ስኒው ሳይነሳ አውሮፕላኑ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል፤ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ቢያልፍ ነው።

ይህ መልስ ግን ውሸት ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በረራው ቆመ፤ ስልኩም ተቆረጠ። በ1993 አልጀርስ ላይ ሰላም ተፈረመ፤ ሰላሙ ተፈረመ እንጂ አውሮፕላን አልተነሳም። መሄድ የፈለገ፣ ያውም የውጭ ፓስፖርት ያለው፣ በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። እስቲ በካይሮ እንደምረው፦ ከአዲስ አበባ ካይሮ 2,450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከካይሮ አሥመራ 1,800 ገደማ። ስድስት እጥፍ! አናታችን ላይ ያለችውን ከተማ ለማየት ዓባይን ተከትሎ ግብፅ ድረስ! ፓስፖርቱም ገንዘቡም ያልነበራቸው ጎረቤቴ ደግሞ በዚያም አልሄዱም። አሥመራ ያረፉት እናታቸው መርዶ አሜሪካ ዞሮ ነው የደረሳቸው፣ ከስምንት ወር በኋላ።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ሁለት አውሮፕላኖች ተከታትለው አሥመራ ወረዱ። መሬት የሳሙ ነበሩ። ጎረቤቴም ሰንብተው ሄዱ፣ እህታቸውን አቅፈው አልቅሰው መጡ። እኛ ብዕረኞችስ? አጨበጨብን። ሁለቱ መሪዎች የፈረሙት አጭር የጋራ መግለጫ ነበር። «እነዚህ ሰዎች ነገ ቢኳረፉ ተሳፋሪው ምን ይሆናል?» ብለን መጠየቅ ነበረብን። እኔም አልጠየቅኩም፤ የደስታ ቤት ማበላሸት መስሎኝ።

ነሐሴ 28 ቀን 2016 በረራው እንደገና ቆመ። ስለ ሻንጣ ሰማን፣ ስለ ዋጋ ሰማን፣ ስለ ባንክ ሒሳብ ሰማን። ስለ እህትና እህት የሰማሁት የለም።

«አገር ለአገር ነው፤ ሰማይም ባለቤት አለው» የሚሉኝ አይጠፉም። ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት እያንዳንዱ መንግሥት በአየር ክልሉ ላይ ሙሉ ሥልጣን አለው ይላል። ሥልጣንና ኩርፊያ ግን ለየቅል ናቸው። መንግሥታት ካማራቸው ይኳረፉ፤ ለታማሚና ለሐዘንተኛ የምትሆን በሳምንት አንዲት በረራ ግን ከኩርፊያቸው ውጪ እንድትሆን፣ በፍቅሩ ጊዜ ይዋዋሉ። በፍቅር ጊዜ ያልተጻፈ ውል በጠብ ጊዜ አይጻፍም። ያለዚያ በረራው የሕዝብ መብት ሳይሆን የመሪዎች ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ ሰጪው ሲከፋው ይነጠቃል።

በረራው በቆመ ሰሞን ጎረቤቴ በር ላይ አገኙኝ። ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ «አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፣ እትዬ» አልኳቸው እንደ ልማዴ።

«እሱንማ ሄጄ አየሁት» አሉኝ። «መቼ እንደሚነሳ ንገረኝ።»