እማማ «ነጠላዬን ልልበስ» ሲሉ

ልጃቸው ሥነ ጥበብ የሚማርባቸው ወላጆች አንድ ጥያቄ አላቸው። «ፎቶ ለማንሳት ዓመታት መማር ምን ያደርጋል? ሰዉ ሁሉ በስልኩ ያነሳ የለም ወይ?» ልጅቷ ለመመረቂያ ሥራዋ ካሜራ አንግታ ወግዲ ስትገባ ደግሞ ጥያቄው ከአያት በኩል ይመጣል። «ይኼን የተጨማደደ ፊት ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

ሁለቱም ጥያቄ መልስ ይገባዋል። እኔ ግን ከአያት ልጀምር።

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ልጅቷ አያቷን ምድጃው አጠገብ፣ የቤት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው ማንሳት ትፈልጋለች። እማማ ደግሞ «ቆይ ነጠላዬን ልልበስ፣ ሻሼንም ልቀይር» ብለው ይነሳሉ። ከዚያ ወንበር አስወጥተው በረንዳ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ አይስቁም። ልጅቷ በልቧ «ተበላሸ» ትላለች።

አልተበላሸም። እማማ የራሳቸው የፎቶ ትምህርት አላቸው። በእሳቸው ጊዜ ፎቶ መነሳት ማለት ፎቶ ቤት ድረስ መሄድ ነበር፤ ለዚያውም ለጉርድ ፎቶ ወይም ለሠርግ። ለመነሳት ይለበሳል፣ ይታጠባል፣ ትንፋሽ ይዋጣል። ፎቶ አንሺውም «ቀና በሉ» ይል ነበር እንጂ «እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» አይልም። ልማዱ ከላይ የወረደም ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥቱን ያነሱት ቦያጂያን የሚባሉት የአርመን ቤተሰብ ባለሙያዎች ነበሩ፤ የእነሱም ሹማምንት ለብሰውና ተከብረው ወደ ሌንሱ ያያሉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልንም ያስታውሱ። በጥንቱ ሥዕል ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፤ በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ክፉው ነው። በዚህ ዓይን ያደጉ አያት «ዞር በይልኝ» ሲባሉ ቅር ቢላቸው ምን ይገርማል? በዚያው ሰፈር ደግሞ ከእምነታቸው የተነሳ የሰው ምስል ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል የማይወዱ ሙስሊም ሽማግሌዎች አሉ። እነሱ «ይቅርብኝ» ካሉ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ልጅ አይለማመጥም።

አሁን ወደ ልጅቷ። የምትማረው ቁልፍ መጫን አይደለም። የሥነ ጥበብ ትምህርት ዋና ነገሩ ማየት ነው፤ ብርሃን ጉንጭ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ እጅ ስለ ሰው ምን እንደሚናገር። አዲስ አበባ ያለው፣ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱትና ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካፈራቸው አንዱ ሚካኤል ጸጋዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የተመረቀው በሥዕል ነበር፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆነበትና ብሩሹን ትቶ ካሜራ አነሳ። ከሥራዎቹ አንዱ በመቃብር ድንጋይ ላይ የተለጠፉ፣ ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸው የሟቾች ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። ማንም ልብ ሳይለው የሚያልፈውን ጉርድ ፎቶ እሱ ቆሞ አየው። ትምህርቱ የሚያደርገው ይኸው ነው።

አይዳ ሙሉነህን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አሜሪካ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። በዓለም ዙሪያ ከታወቁላት ተከታታይ ሥራዎች የአንዱ ርዕስ አያቷ ይደጋግሙት ከነበረ አባባል የመጣ ነው፤ ዓለም ዘጠኝ ናት፣ አትሞላም ከሚለው። አያቶች ሆይ፣ የልጅ ልጅ ምን ይዞ እንደሚሄድ አይታወቅምና ተናገሩ።

ስለ እንጀራውም በአጭሩ፦ ከዚህ ትምህርት የወጣ ሰው ሠርግና ምርቃት ያነሳል፣ ለጋዜጣና ለማስታወቂያ ይሠራል፣ ያስተምራል። ሀብታም ላይሆን ይችላል። የስንቱ ሙያ ሀብታም ያደርጋልና?

የእማማ ነጠላ ግን ከሥነ ሥርዓት በላይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የወሎ ፊት ዓለምን ሲዞር የመጀመሪያው አይደለም። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በጥቅምት 1977 ደግሞ ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያነሳው ፊልም በቢቢሲ ታየ። እነዚያ ምስሎች እርዳታ አምጥተዋል፣ ሕይወት አትርፈዋል፤ ይኼን የሚክድ የለም። ነገር ግን ኮረም ከወግዲ በጣም ሩቅ ቢሆንም «ወሎ» ሲባል በብዙ የውጭ ሰው ዓይን የሚመጣው ያ ፊት ሆኖ ቀረ፤ ያለ ስም፣ ያለ አባት ስም፣ «ልነሳ ወይ?» ሳይባል። እንግዲህ አንዲት የወግዲ ልጅ አያቷን ጭስ ውስጥ፣ በተቀደደ ልብስ አንስታ አዲስ አበባ ግድግዳ ላይ ብትሰቅል ተመልካቹ የሚያየው የእሷን አያት ነው ወይስ ያንኑ የድሮውን ምስል? ይኼን ጥያቄ አማካሪ መምህሯ ባይጠይቃት እናት አባቷ ይጠይቋት።

የእኔ ፍርድ ይኸውና፦ የመጀመሪያው ፎቶ የእማማ ነው። እንደወደዱት ይልበሱ፣ እንደወደዱት ይቀመጡ፣ ቀጥ ብለው ይዩ። እሱን ካነሳች በኋላ ልጅቷ አትቸኩል። ሁለት ሦስት ቀን ካሜራውን ይዛ ቡና ትጠጣ፣ ጤፍ ትልቀም። ያኔ እማማ ራሳቸው ካሜራውን ይረሱታል፤ ምድጃው ዳር የምትፈልገውም ፎቶ ሳትጠይቅ ይመጣል። ከዚያ ሁሉንም ታሳያቸውና «የቱ ይሰቀል?» ትበል። ያልወደዱት አይወጣም። መምህራን ይኼን እንደ ድክመት አያዩትም፤ እንዲያውም ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ቢሰቀሉ ከአንዱ ብቻ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ።

አንድ የሙያ ነገር ልጨምር፤ አያቶች «አጠቆረኝ» ብለው ሲያማርሩ እውነታቸውን ነውና። ነጭ ነጠላ ብዙ ብርሃን ይመልሳል። ካሜራው በራሱ ሲለካ ያን ነጭ አይቶ ጠቅላላውን ያጨልመዋል፤ የሚጠፋው ፊት ነው። ጥሩ ተማሪ ብርሃኑን የምትለካው ከጉንጭ ላይ እንጂ ከነጠላ ላይ አይደለም። በስልክ የምታነሱም ጣታችሁን ፊቱ ላይ አሳርፋችሁ ብርሃኑን ማስተካከል ትችላላችሁ። የደጋ ቀትር ፀሐይም ዓይን ሥር ጥላ ይጥላልና ሰውየውን ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ፊቱን ወደ በሩ አዙሩት፤ ፎቶ ቤት የሚከራየው መብራት ከዚያ አይሻልም። ስልኩን ደግሞ አፍንጫ ሥር አትደቅኑ፤ አፍንጫ ያገዝፋል። ራቅ በሉ።

ዐውደ ርዕዩ ሲያልቅ ፎቶው ወግዲ መመለስ አለበት፤ በስልክ ሳይሆን ታትሞ። መካነ ሰላም ወይም ደሴ ሲወርዱ አሳትሙት። ከጀርባው በእርሳስ ጻፉበት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ሊሰርግ ይችላል። የእማማን ሙሉ ስም ከነአባታቸው፣ የቀበሌውን ስም፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን፣ ከታች ደግሞ ያነሳችውን የልጅ ልጅ ስም።