መኪናን በስሙ ሳይሆን በመንገዱ መምረጥ ይገባል

ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ሊመረምር ይገባዋል። አንደኛው ዕቃው በራሱ መልካም መሆኑ ነው፤ ሁለተኛውም ዕቃው ለገዢው ሥራና ለሚኖርበት አገር የሚስማማ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሻጩ ደስ ብሎት ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውን ግን ከገዢው በቀር የሚመልሰው የለም። የቀድሞ ሰዎች በቅሎ በሚገዙበት ጊዜ የሻጩን ወሬ ሰምተው ብቻ ገንዘባቸውን አይሰጡም ነበር፤ ጥርሷንና ኮቴዋን አይተው፥ አቀበትና ቍልቍለት አስኪደው ይገዙ ነበር እንጂ።

ኢትዮጵያ በመኪና ምርጫ የተፈተነችው ዛሬ ብቻ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም.፥ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በአንድ ወገን፥ ጀርመናዊው ሆልትስ በሌላ ወገን፥ እያንዳንዳቸው የየአገራቸውን መኪና ይዘው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ይሁን እንጂ መኪና በመምጣቱ ብቻ መንገዱ አልተጠረገም፤ የሚያድሰውም ባለሙያ ወዲያው አልተገኘም። ይህ ሁሉ የመጣው ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ያው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመልሷል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ከኤክሳይስ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ እንዲሆን፥ ተገጣጥሞ የሚመጣውም 15 ከመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ በጅማና በአካባቢዋ ባሉት የቡና ከተሞች ለመሥሪያ ቤት ወይም ለሀገረ ስብከት መኪና ለመግዛት የሚሰበሰቡ ሰዎች ስለ ኤሌክትሪክ መኪና መማከራቸው የማይቀር ሆነ። ከፍ ያለ አካል ካላቸው ከእነዚህ መኪናዎች መካከል ስማቸው ብዙ ጊዜ ተነጻጽሮ የሚነሣው የጃፓኑ ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስና የጀርመኑ ቮልስዋገን አይዲ ፎር ናቸው።

ሁለቱም የታላላቅና የታወቁ ኩባንያዎች ሥራ ስለ ሆኑ፥ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በስም ነው። አንዱ “ቶዮታን የማያውቅ የገጠር መንገድ የለም” ይላል፤ ሌላውም “ቮልስዋገንን አባቶቻችን ነድተውታል” ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አባባሎች ስለ ድሮው መኪና እውነት ናቸው፤ ስለ አሁኖቹ ግን አንዳች አያስረዱም። የኤሌክትሪክ መኪና በሞተሩም፥ በባትሪውም፥ በእድሳቱም ከነዳጁ መኪና ፈጽሞ የተለየ ነውና የአባት ስም ለልጅ ምስክር ሊሆን አይችልም። ከዚህም በላይ፥ ወደ ኢትዮጵያ ከሚገቡት ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ በቻይና ፋብሪካ ለቻይና ገበያ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ስሙ ቀርቶ ነገሩ ቢመረመር ልዩነቱ ግልጽ ነው። በቻይና የተሠራው ሰፊ ባትሪ ያለው ቢዚ ፎር ኤክስ 66.7 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከዓይነቶቹም አንዱ በሁለት ሞተር አራቱንም ጎማ የሚነዳ ነው። በዚያው አገር የሚሠራው ሰፊ ባትሪ ያለው አይዲ ፎር ግን ከ80 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይይዛል፤ አራቱንም ጎማ የሚነዳ ዓይነት ያለው ቢሆንም፥ በብዛት የሚታወቀው ኃይሉን ለኋላ ጎማ ብቻ የሚሰጠው ነው። በአጭሩ አንደኛው በእግሩ፥ ሁለተኛውም በስንቁ ይበልጣል። በአምራቾቹ ወረቀት ላይ የተጻፈው 500 እና 600 ኪሎ ሜትር ግን በፈተና ቤት በዝግታ የተለካ ስለ ሆነ፥ ለአቀበት መንገድ እንደ ተስፋ ቃል መቈጠር የለበትም።

ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱም ሜዳ አይደለም፤ ከጅማ ወደ ጊቤ በረሓ ይወርዳል፥ ከጊቤም ተነሥቶ ወደ ሸዋ ደጋ ይወጣል። 2000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ቍልቍለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል እንጂ ሁሉን አይመልስም። መኪናው በየ100 ኪሎ ሜትሩ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ቢባል፥ ለጕዞው ሁሉ 63 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል። ስለዚህ 66.7 የሚይዘው መኪና ሞልቶ ቢነሣ እንኳ አዲስ አበባ የሚደርሰው ስንቁ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ፍጥነት፥ ዝናብና ጭነት ቢጨመርበትም ከመንገድ ይቀራል። ሰፊ ባትሪ ያለው ግን ተርፎት ይገባል። ወደ ዋና ከተማ ዘወትር ለሚመላለስ ሰው እንግዲህ አይዲ ፎር ይሻላል ማለት ነው።

ነገር ግን በጅማ የተቀመጠ ሹም ወይም የሀገረ ስብከት ሠራተኛ ዓመቱን ሁሉ የሚመላለሰው ወደ አዲስ አበባ አይደለም። ከሰቶ ሰመሮ ተነሥቶ ወደ አጋሮ፥ ወደ ሰቃ፥ ወደ ማና፥ ወደ ሊሙ ይሄዳል እንጂ። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ በተባለው ስሌት 16 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃል፤ ይህንንም በ220 ቮልትና በ10 አምፔር የሚሠራ ተራ የቤት ሶኬት በስምንት ሰዓት ሌሊት ይመልሰዋል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሁለቱም ባትሪ ከበቂ በላይ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡናው ማሳና ወደ ገጠሩ አጥቢያ በሚያስገባው መንገድ ላይ፥ ዝናቡ ሳያባራ ለቀማ በሚጀመርበት ሰሞን፥ የሚያስጨንቀው የባትሪው ማነስ ሳይሆን የጎማው መንሸራተት ነው። ጭቃ የባትሪን ስፋት አይጠይቅም።

ስለዚህ በጅማ ተቀምጦ የቡናውን አገር ለሚዞር መሥሪያ ቤት አራቱንም ጎማ የሚነዳው ቢዚ ፎር ኤክስ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድበትም ቀን በወልቂጤ ወይም በሌላ ቦታ የሚሠራ ባትሪ መሙያ መኖሩን አስቀድሞ አረጋግጦ ይነሣ። “ሰፊው ባትሪ ሁለቱንም ሥራ ይችላል” የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚደረግ ጕዞ ሲባል በየሳምንቱ በጭቃ መያዝ ብልኅነት አይደለም። እንዲሁም አራት ጎማ ነጂ ነው ተብሎ እንደ ገደል ወጪ መኪና ሊታሰብ አይገባም። የሁለቱም ባትሪ ከወለላቸው በታች የተነጠፈ ስለ ሆነ፥ ድንጋይ ቢመታው ጕዳቱ ከባድ ነው። መንገዱ እጅግ የከፋ ለሆነበት ሥራ ከሁለቱ አንዱም አይገዛ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠየቅ ደግሞ አለ። ቶዮታ በ2014 ዓ.ም. የጎማው ማሰሪያ ብሎን ሊላላ ይችላል ብሎ ይህንኑ ቢዚ ፎር ኤክስን ለእድሳት ጠርቶ ነበር፤ ቮልስዋገንም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2024 በአሜሪካ የሸጣቸውን 98 ሺህ ያህል አይዲ ፎር መኪናዎች በበር እጀታ ጕድለት ምክንያት ጠርቷል። ይህ ለኩባንያዎቹ ነውር አይደለም፤ ጕድለትን አምኖ መጥራት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን አምራቹ የሚጠራው የሚያውቀውን ገዢ ነው። ከወኪል ውጭ በነጋዴ እጅ ባሕር ተሻግሮ ጅማ የገባ መኪና፥ አምራቹ ቢጣራ ጥሪውን ማን ያሰማዋል? የቻይና ገበያ ዋስትና እስከ ጅማ ይከተላል ብሎ ማመንም የዋህነት ነው። ስለዚህ ሻጩ ዋስትናውን በጽሑፍ ይስጥ፤ መኪናውን የሚመረምር መሣሪያና ባለሙያ የት እንዳለ ይናገር፤ የመኪናው መሙያ ሶኬት የቻይና ወይም የአውሮፓ ዓይነት መሆኑንና በመንገዱ ካሉት መሙያዎች ጋር መስማማቱን ያሳይ፤ ነጂውም የማስጠንቀቂያውን ጽሕፈት በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ ይቻለው። ለዚህ መልስ የሌለው ሻጭ ዋጋውን ቢያረክስም ውድ ነው።

ይህ ነገር ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ ያስብ። የመሥሪያ ቤቱ ብር ቡና ከሚለቅመው ገበሬ የተሰበሰበ ግብር ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑም ብር ድኻ ከመቀነቱ ፈትቶ ያገባው አሥራትና ምጽዋት ነው። መኪና ለሹመት ማዕረግ ተብሎ ሲገዛና በዓመቱ መለዋወጫ አጥቶ በግቢ ሲቆም፥ የሚቆመው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ በሹማምቱና በአባቶቹ ላይ ያለው እምነትም አብሮ ይቆማል። በወንጌል ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ የተነገረው ምሳሌ ለዚህም የሚሆን ትምህርት ነው።

የጅማ አገር በኤሌክትሪክ መኪና መጠቀም እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። 184 ሜጋ ዋት የሚሰጠው የግልገል ጊቤ ኃይል ማመንጫ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በዚሁ አገር ወንዝ ላይ ነው፤ ውሃውም ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ተጕዞ 420 ሜጋ ዋት ለሚሰጠው ለሁለተኛው ጣቢያ ይተርፋል። በጳጕሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በባዕድ ነዳጅ ፈንታ በአገር ውሃ መሄድ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን አስቀድሞ በግቢው ውስጥ የተስተካከለ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘርጋ፤ አንድ ወጣት ባለሙያም ስለ ባትሪ ይማር፤ መኪናውም ከዚያ በኋላ ይምጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ ጋጣው ሳይሠራ በቅሎ የገዛ ሰው ሌሊቱን ገመድ ይዞ ያድራል።