የሰው መኪና ሰብሮ «ቀለም እንቀባልሃለን» ማለት ካሳ ነው እንዴ?

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል ያገራችን ሰው። አባቶቻችን ይህን ያሉት የአደራን ክብደት ለመናገር ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ትላልቅ የመኪና መሸጫና ጥገና ኩባንያዎች በር ላይ የቀረው ግን የአባባሉ ሁለተኛ ግማሽ ብቻ ይመስላል። ሰማዩ እንደራቀ ነው። አደራው ግን ላልቷል!

ነገሬ ወዲህ ነው። አንድ ሰው መኪናውን ለሰርቪስ ወደ ሸጠለት ኩባንያ ይወስዳል። ቁልፉን ያስረክባል፣ ወረቀት ላይ ይፈርማል። ሲመለስ መኪናው ከነበረበት ብሶ ይጠብቀዋል። ፓራፋንጎው ተጨራምቷል፣ ወይ የፊት መብራቱ ረግፏል፣ ወይ ደግሞ በሰላም የገባው ሞተር ዘይት ሳይሞላበት ተነስቶ ተቃጥሏል። ለመሆኑ ኩባንያው ለዚህ ሰው ምን ዕዳ አለበት? «ይቅርታ» ብቻ? ባትላሜራና ቀለም? ወይስ ሌላም አለ?

ይህን ጥያቄ የሀብታም ቅንጦት አድርጎ የሚያይ ካለ ተሳስቷል። ባገራችን መኪና እንደ ሸሚዝ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫ ሁሉ ዋጋው አብሮ ጣራ ነካ። እንግዲህ በዚህ አገር መኪና ማለት ለብዙው ሰው የዕድሜ ልክ ቁጠባ ነው። ለአንዳንዱም በየቀኑ እንጀራ የሚያበላ በሬ ነው። የገበሬ በሬ ተውሶ እግሩን የሰበረ ጎረቤት «ቁስሉን አጥቤልሃለሁ» ብሎ ቢሸኘው ሽማግሌ ምን ይፈርዳል?

አንድ ጎረቤት አለኝ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ባጠራቀማት ገንዘብ የገዛትን ትንሽ መኪና ታክሲ አድርጎ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ኩባንያውን አልጠራውም። እንዲህ ያለው በአንድ ኩባንያ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለምና ስሙ ምንም አይጨምርልንም። መኪናዋን ለሰርቪስ አስገባ። በማግስቱ «ትንሽ ነገር ስላለ ይምጡ» ተባለ። አብሬው ሄድኩ። ትንሽ የተባለው ነገር የፊት መብራት፣ ፓራውልትና ፓራፋንጎ ነው! መንጃ ፈቃድ የሌለው የእጥበት ሠራተኛ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሊያዛውራት ሲል ከግንብ ጋር አጋጭቷታል።

ኃላፊው ወጣት ነው፣ ትሁትም ነው። «አባቴ አይጨነቁ፣ ባትላሜራ ሠርተን፣ ቀለም ቀብተን አዲስ አድርገን እንሰጥዎታለን» አለ።

«መብራቱስ ልጄ?» አለ ጎረቤቴ።

«እሱ ዕቃ ሲመጣ ነው።»

«መቼ ይመጣል?»

«የውጭ ምንዛሪ ነገር ነው፣ ያውቁታል።»

«እስከዚያ እኔ ምን ልብላ?»

ይሄኔ ትሕትናው አለቀ። ኃላፊው ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። «ድርጅቱ በደንበኞች ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አይወስድም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። መኪናዋ ከአንድ ወር ከመንፈቅ በላይ ቆማ ወጣች። የወጣችው ደግሞ አሮጌ መብራት ተገጥሞላት ነው።

እስቲ ማስታወቂያውን እንመርምረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1686 ላይ አንድ ነጋዴ ብቻውን ያወጣው ጠቅላላ የውል ቃል ሌላውን ወገን የሚያስገድደው ያ ወገን አውቆ ከተቀበለው ወይም ቃሉን የመንግሥት ባለሥልጣን ካወጣው ወይም ካጸደቀው ነው ይላል። ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ብቻ ሕግ አይሆንም! ደንበኛው አውቆ ተቀብሎታል ቢባል እንኳ ቁጥር 1887 ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን ሲወስኑ «ጥፋት ካላደረግን አንጠየቅም» ብለው መስማማት እንደሚችሉ ነው የሚናገረው። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው የደንበኛን ቁልፍ መስጠት ጥፋት ካልሆነ ታዲያ ጥፋት የሚባለው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ማምለጫ «ሠራተኛው ነው ያጠፋው፣ ከደመወዙ እየቆረጥን እንከፍልዎታለን» የሚለው ነው። ይህ ደግሞ ሁለት ግፍ በአንድ ጊዜ ነው። ደንበኛው የተዋዋለው ከኩባንያው ጋር እንጂ ከእጥበት ልጅ ጋር አይደለም። ከውል ውጭ ነው ቢባል እንኳ በቁጥር 2130 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጥፋት አሠሪው ይጠየቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ በላይ መቁረጥን ይከለክላል። በልጁ ደመወዝ ሲሶ የመኪና መብራት እስኪገዛ ደንበኛው ስንት ክረምት ይጠብቅ? ኩባንያው ከሠራተኛው ጋር ያለውን ሒሳብ ቤቱ ገብቶ ይጨርስ። የደንበኛውን ዕዳ ግን ዛሬ ይክፈል።

ሦስተኛው «ኢንሹራንስ አለዎት አይደል?» የሚለው ነው። ወይ ብልጠት! የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው መኪናው በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለራሱ ለመኪናው አይደለም። ሙሉ መድን ያለውም ቢሆን መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው ሲነዳ ለደረሰ ጉዳት አንከፍልም የሚል አንቀጽ በመድን ውሎች ላይ የተለመደ ነው። ቢከፍልስ? ኩባንያው ላጠፋው ደንበኛው ለዓመታት በከፈለው ዓረቦን ለምን ይሸፈንለት?

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ላይ ደረስን። ዕዳው ምን ያህል ነው? ሕጉ በቁጥር 2091 ላይ ካሳ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። ቃሏ አጭር ናት፣ ውስጧ ግን ብዙ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ቢያንስ አራት ነገሮችን ትይዛለች።

አንደኛ፣ መኪናው ወደነበረበት መመለስ አለበት። ኦሪጅናል መብራት ሰብሮ አሮጌ መግጠም መመለስ አይደለም። የተሰበረው በአንድ ዋጋ፣ የሚገዛው በሌላ ዋጋ ከሆነም የዋጋውን ልዩነት የሚሸከመው የሰበረው እንጂ የተሰበረበት ሊሆን አይገባም። ዶላር ጨመረ ብሎ ማልቀስ መብቱ ነው። የሚያለቅሰው ግን በራሱ መሃረብ ይሁን!

ሁለተኛ፣ የዋጋ መውረድ አለ። መኪና ለመሸጥ የወጣ ሰው ያውቀዋል። የደላላ የመጀመሪያ ጥያቄ «ቀለም ነክቶታል? ተመትቷል?» ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ዋጋው እዚያው ይወርዳል። ባትላሜራው የቱንም ያህል ቢያምር ስቱኮው ሥር ያለውን ገዢ በጣቱ አንኳኩቶ ያገኘዋል። ይህ ልዩነት ከደንበኛው ኪስ የወጣ ገንዘብ ነው። ኩባንያዎቹ ግን ስሙን እንኳ ሲያነሱት አልሰማሁም።

ሦስተኛ፣ የቆመበት ቀን አለ። እንበልና አንድ ባለታክሲ ወጪው ተቀንሶ በቀን 1,000 ብር ይቀረው ነበር። 40 ቀን ቢቆም 40,000 ብር ነው። ታክሲ ያልሆነውም ለትራንስፖርት ያወጣዋል። ኩባንያው ይህን መክፈል ካልፈለገ ምትክ መኪና ይስጥ። እዚህ ላይ ቁጥር 1801ን ልብ በሉ። ውሉ ሲደረግ ልዩ ሁኔታችሁን ለሌላው ወገን አስታውቃችሁ ከሆነ በዚያ ምክንያት በእርግጥ የደረሰው የበለጠ ጉዳት ይካሳል። በሌላ አነጋገር ቁልፉን ስታስረክቡ «ይህች መኪና እንጀራዬ ናት» የምትል አንዲት መስመር በቅጹ ላይ ብትጽፉ ነገ በፍርድ ቤት ትናገርላችኋለች።

አራተኛ፣ እውነቱን ማወቅ አለ። ማን ነዳው? መቼ? በምን ተመታ? ሻሲው ተነክቷል ወይስ አልተነካም? ብዙ ኩባንያዎች የሚደብቁት ይህንን ነው። ቀለም የተቀባ ውሸት ይዞ ከጅማ መንገድ ላይ ፍሬን እንቢ ቢለውስ? ያኔ የሚጠፋው ብረት ብቻ አይደለም፣ ነፍስ ነው!

ኩባንያዎቹም የሚሉት አላቸው፣ አንካድ። «ደንበኛው አሮጌ ጭረት ይዞ መጥቶ እናንተ ናችሁ ይለናል» ይላሉ። እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው አለ። መድኃኒቱ ግን ሁሉንም ደንበኛ ሌባ ማድረግ አይደለም። መኪናው ሲገባ ዙሪያውን ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ኪሎሜትሩንና ነዳጁን መመዝገብ፣ ሁለቱም ፈርመው አንዳንድ ቅጂ መያዝ ነው። ይህ ሐቀኛውን ኩባንያም ሐቀኛውን ደንበኛም ያድናል። የሚጎዳው አጭበርባሪውን ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕግ እያለ ደንበኛው ለምን አንገቱን ደፍቶ ይወጣል? ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሄጃ የለውም! መለዋወጫው ያለው እነሱ ዘንድ ነው። ኮምፒዩተሩ እነሱ ዘንድ ነው። ሌላ ጋራዥ ከነካው የፋብሪካው ዋስትና ይቀራል ይሉታል። አሁን በብዛት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸውን ደፍሮ የሚከፍት የሠፈር መካኒክ ገና እንደልብ አልተገኘም። ስለዚህ ጥፋተኛውም ኩባንያው፣ ጉዳቱን ገማቹም ኩባንያው፣ ጠጋኙም ኩባንያው፣ ፈራጁም ኩባንያው ነው። እንዲህ ያለ ችሎት የት አገር አለ?

መንግሥትስ? ታክስ ሲሰበስብ አንበሳ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ በዕቃም ሆነ በአገልግሎት ምክንያት ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የማግኘት መብት እንዳለው ጽፏል። አዋጁን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው ባለሥልጣን ግን በ2014 ዓ.ም. በተደረገው የመሥሪያ ቤቶች ድልድል ሥራው ወደ ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። መብቱ ወረቀት ላይ አለ። በሩን የሚያውቅ ሸማች ግን ስንት ነው?

እኔ በበኩሌ ከሚኒስቴሩ የምጠብቀው ተአምር አይደለም። መኪና ለሚሸጥና ለሚጠግን ኩባንያ ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ ሦስት ነገር ይጠይቅ። በደንበኛ መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳት የመድን ዋስትና ይኑረው። አንድ ዓይነት የርክክብ ቅጽ ይጠቀም። ጉዳት ሲደርስ ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ገለልተኛ ገማች ይግመት። ይህ ምንም የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም!

እስከዚያ ድረስ ግን አንባቢ ሆይ፣ ራስህን ጠብቅ። ስታስረክብ ፎቶ አንሳ። ስትረከብ በቀን ብርሃን ዙረህ እይ፣ አብረህ ንዳት። «ምንም ቅሬታ የለኝም» የሚል ወረቀት ሳታይ አትፈርም። ቅሬታህን በጽሑፍ አስገባና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታ። ባለሙያ አሳይተህ ግምቱን በጽሑፍ ያዝ። ጊዜም አትፍጅ። የውል ክስ በቁጥር 1845 መሠረት እስከ 10 ዓመት የሚቆይ ቢሆንም ከውል ውጭ የሆነው ግን በቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ይታገዳል። ነገርህ የቱ እንደሆነ ጠበቆች እስኪከራከሩ ከ2 ዓመቱ በፊት ፍርድ ቤት መድረስ ይሻላል።

ድሮ «በሕግ አምላክ!» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር። ያ የሆነው ሕጉ ስለበዛ ሳይሆን ሰው ስለሚጠራው ነው። የዛሬው ሕጋችን መጽሐፍ ውስጥ ተኝቶ ጠሪ ይጠብቃል። እንጥራው እንጂ! አንዱ ሲጠራው ሌላው ይደፍራል፣ ሌላው ሲደፍር ኩባንያውም የግድግዳውን ወረቀት ቀስ ብሎ ይቀድደዋል።

በሕግ አምላክ፣ የሰበርከውን ክፈል!