እናናን እናውቃታለን፤ ድርብወርቅንስ?

በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ሰሃላን ሲያስጨንቅ እዚያ መምህር ነበርሁ። ትምህርት ቤት የሚመጣው ተማሪ በየሳምንቱ ይቀንስ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ደብተር ተሸክማ እስከ ደጃፌ ተከተለችኝ። ደብተሮቹን አስቀምጣ አልሄድ አለች። «ቲቸር፣» አለችኝ አንገቷን ደፍታ፣ «ተዋናይ ለመሆን ምን መማር አለብኝ?»

ነርስ እሆናለሁ፣ መምህር እሆናለሁ የሚሉኝ ብዙ ነበሩ፤ ተዋናይ ያለችኝ እርሷ ብቻ ናት። ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። የአጎቷ ልጅ ከሰቆጣ ሲመጣ «እረኛዬ»ን በስልኩ ይዞ መጥቶ ኖሯል። «እናና አያቴን ትመስላለች» አለችኝ። የተዋናይዋን ስም ግን አታውቀውም ነበር።

«ለጊዜው ትምህርትሽን ጨርሺ» አልኋት። መልሴ ስሕተት አልነበረበትም፤ ፍርሃት ግን ነበረበት።

በሳምንቱ አባቷን ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ነገሩ ከጆሯቸው ደርሷል። «መምህር፣ ልጄን አስተምርልኝ ብዬ ሰጠሁህ እንጂ አዝማሪ አድርግልኝ መች አልሁህ?» አሉኝ። የተናገሩት በቁጣ አልነበረም፤ ለልጃቸው ሰግተው ነው። እኔም ዝም አልሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ለሁለቱም ያልሰጠሁት መልስ ነው።

አባትየው የተናገሩት ቃል ከእርሳቸው ቀድሞ ብዙዎችን አቁስሏል። በሀገራችን የዘመናዊ ቲያትር ጅማሬ የሴትን ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። ሴት መድረክ ላይ ከምትታይ ወንድ ሴት መስሎ ቢታይ ይሻላል የተባለበት ዘመን ነው። ያን ልማድ ከሰበሩት መካከል ስሟ በቀዳሚነት የሚነሣው አስናቀች ወርቁ ናት። እርሷ ደግሞ ተዋናይ ብቻ ሳትሆን ክራር ደርዳሪም ነበረችና ስድቡ እጥፍ ሆኖ ወረደባት። በ2004 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስታርፍ ግን ያው ስድብ የተወረወረባት ሙያ የክብሯ መጠሪያ ሆኖ ነበር፤ ራሔል ሳሙኤልም ሕይወቷን በዘጋቢ ፊልም አቆይታልናለች። እንግዲህ ሰድቦ ኖሮ አልቅሶ መቅበር ልማዳችን ከሆነ፣ የልጅቱ አባት የእኛን የሁላችንን ሐሳብ ነው የተናገሩት።

ከስድቡ ይልቅ የሚከነክነኝ ግን የወዳጆች መርሳት ነው። ተዋናይትን የሚወድ ሕዝብ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ገጸ ባሕርይዋን ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈውን «የቀን ቅኝት»ን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። 257 ክፍል ነበረው፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምር ድራማ ሆኖ ሳለ ሰው ግን የሚያደምጠው እንደ ጎረቤቱ ወሬ ነበር። ከ15 ሺህ የሚበልጥ ደብዳቤ ከአድማጮች ጎርፎለታል። ስለ ፍቅርተ ያልተጨነቀ አድማጭ አልነበረም ማለት ይቻላል። ፍቅርተን ያስለቀሰቻትና ያሣቀቻት የማን ጉሮሮ እንደሆነች የጠየቀ ግን ስንቱ ነው? እኔ ራሴ አልጠየቅሁም።

በቴሌቪዥን ፊት ሲታይ ነገሩ ይለወጣል ብለን ነበር። ፊቷ ታወቀ፤ ስሟ ግን እንደገና በገጸ ባሕርይዋ ስም ተተካ። በመንገድ ላይ በድራማው ስም ትጠራለች፤ ክፉ ሴት ሆና ከተወነች ታክሲ ውስጥ ትገላመጣለች። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ የባሰ ተከተለ። ስለ «ኩዚ ጉኔይ»ና ስለ መሰሎቹ በተነሣው ክርክር የሀገር ውስጥ ድራማ ገበያ ተወሰደ ሲባል ሰምተናል፤ ስጋቱም መሠረት ነበረው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ለቱርካዊቷ እንባ አማርኛ ያዋሰችው ተዋናይት ተረስታለች። እንባው የሌላ ነው፤ ሲቃው የእርሷ ነው። ፊት የሌላት ተዋናይ ሆና ሀገር አስለቀሰች።

ድርብወርቅ ሰይፉን የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው። «እረኛዬ» በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን ሲቀርብ፣ ደራሲዎቹ ቅድስት ይልማ፣ አዜብ ወርቁና ቤዛ ኃይሉ ነበሩ። ያ ዓመት ለዋግ የጦርነትና የስደት ዓመት በመሆኑ እኛ ድራማውን ያየነው ዘግይተን፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበልን ነው። እስከዚያ ድረስ በብዙው ድራማችን የገጠር ሴት የምትገባው በጓዳ በር ነበር፤ ሠራተኛ ሆና፣ አነጋገሯ የሚያስቅ ሆና። እናና ግን በዋናው በር ገባች። ዕድሜዋ ሥልጣን ሆነ፤ ዝምታዋም ንግግር ሆነ።

ይህን የጻፉት ደራሲዎቹ ናቸው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ደራሲ «እናና ዝም አለች» ብሎ ይጽፋል። ያ ዝምታ ሐዘን ይሁን ንቀት፣ ይቅርታ ይሁን ቂም የሚለየው በተዋናይዋ ዐይን ነው። እንዲህ ያለውን ዝምታ የሃያ ዓመት ልጅ በልምምድ ብቻ አታገኘውም። በመድረክ የከረመ ዕድሜ ይጠይቃል። አሳዛኙ ነገር፣ ሴት ተዋናይ እዚያ ዕድሜ ላይ ስትደርስ በአብዛኛው የሚጠብቃት የሙሽራ እናት ሆኖ ቡና ማፍላት ነው። ዕድሜዋን የሚመጥን ታሪክ የሚጽፍላት ካልተገኘ ችሎታዋ ከእርሷ ጋር ያረጃል።

እኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ስለ አንድ ልቦለድ ሃያ ገጽ ሒስ እንጽፋለን፤ ስለ አንዲት ተዋናይት አተዋወን ግን «ጎበዝ ናት» ብለን እናልፋለን። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቆያል። የተዋናይ ሥራ ግን ያየው ሰው ካልጻፈው ካሴቱ ሲበላሽና ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ስሟን ጠርተን፣ ያደረገችውን ዘርዝረን መጻፍ ግዴታችን ነው እላለሁ። ውዳሴ ብቻ አይሁን፤ ደካማ አተዋወንንም በስሙ መውቀስ ማክበር ነው።

ለልጅቱ አባት ዛሬ ብመልስ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሙያው እንጀራው ቀጭን፣ ሐሜቱ ወፍራም ነው። ነገር ግን ልጅዎ የጠየቀችው የእናትዎን ፊት ሰው እንዲያየው ነው። ይህ ውርደት አይደለም።

ለእርሷም፦ ምን ልማር ላልሽኝ፣ ትምህርትሽን ጨርሺ ያልሁሽን አልሽርም። ግን አያትሽ እህል ሲጎድል ምን ብላ ዝም እንደምትል አስተውዪ። ኽምጣኛ የቀረጸውን አማርኛሽን ማንም ቢስቅበት አትጣዪው፤ እናናን የወደደ ሕዝብ አንድ ቀን ያደምጠዋል። እናናን ሆና የተወነችው ደግሞ ድርብወርቅ ሰይፉ ትባላለች። ስሟን ያን ዕለት ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።