ለመሆኑ ይህ ሰዓት የሚቆጥረው ለማን ነው?

እ.ኤ.አ. በጁን 2025 የአሜሪካው የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር በተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቀርበው አንድ ራዕያቸውን ተናገሩ፤ በአራት ዓመታት ውስጥ እያንዳንዱ አሜሪካዊ ጤናውን የሚከታተል መሣሪያ በአካሉ ላይ አድርጎ እንዲገኝ። ለዚህም መሥሪያ ቤታቸው በታሪኩ ከታዩት ትልልቅ የማስታወቂያ ዘመቻዎች አንዱን እንደሚከፍት አከሉ። ልብ በሉ፤ የልብ ሕመምተኛው ወይም የስኳር ሕመምተኛው አላሉም። «እያንዳንዱ» ነው ያሉት። ይገደዳል አላሉም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ባለሥልጣን «እያንዳንዱ» የሚለውን ቃል ሲወድ ምን እንደሚከተል ያየ ሰው፣ በተለይም ከኢትዮጵያ ወጥቶ እዚህ የደረሰ ሰው፣ ንግግሩን ሰምቶ እንዳልሰማ ሊያልፈው አይገባም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። በየእጅ አንጓችን የታሰረው ሰዓት በቀን 10,000 እርምጃ እንድንራመድ ያዘናል። ቁጥሩ ከሐኪም ቤት የመጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ተካሄደ፤ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ያሸነፈበት ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመት በ1965 አንድ የጃፓን ኩባንያ «ማንፖ ኬይ»፣ ማለትም «አሥር ሺህ እርምጃ ቆጣሪ»፣ የተሰኘ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። ቁጥሩ የዕቃ ስም ነበር። ከ54 ዓመታት በኋላ፣ በ2019፣ በአማካይ 72 ዓመት በሆናቸው አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታተመ፤ የሞት አደጋ መቀነሱ 7,500 እርምጃ ገደማ ሲደርስ እንደሚቆም አሳየ። (አበበ ለልምምድ በወጣ ቁጥር ስንት እርምጃ እንደሮጠ የቆጠረለት መኖሩን እጠራጠራለሁ።)

ይህን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። የገበያ ቁጥር ውሎ አድሮ የጤና ሕግ ይመስላል፤ ከዚያም የደመወዝ መቀጮ ሆኖ ይመጣል። ሊመጣ የነበረበትን ቦታ ልንገራችሁ። በ2018 መጀመሪያ የዌስት ቨርጂኒያ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞች የጤና መድን፣ መምህራንን ጨምሮ ሠራተኞቹ ሁሉ «ጎ 365» የተባለ አፕ በስልካቸው እንዲጭኑ፣ እንቅስቃሴያቸውን እያስቆጠሩ ነጥብ እንዲያጠራቅሙ፣ እምቢ ያለ ደግሞ በወር 25 ዶላር ተጨማሪ እንዲከፍል ዕቅድ አወጣ። መምህራኑ ቀድሞውንም በዝቅተኛ ደመወዝና በሚያሻቅበው የመድን ክፍያ ተቆጥተው ነበር፤ ይህ በእሳቱ ላይ ቤንዚን አርከፈከፈበት። ተቃውሞው ሲበረታ የአፑ ነገር ቀረ። ቁጣው ግን አልበረደም፤ በፌብሩዋሪ 22 ሥራ አቆሙ፣ በ55ቱም ካውንቲዎች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በማርች መጀመሪያ የ5 በመቶ ጭማሪ ይዘው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ያንን አፕ ያስቀረው የቴክኖሎጂ ጠቢብ ወይም የሕግ ሊቅ አልነበረም፤ ጠመኔ የያዘ መምህር ነው።

በዚያው ዓመት ጆን ሃንኮክ የተባለው አንጋፋ ኩባንያ የሚሸጠው የሕይወት ኢንሹራንስ ሁሉ ከእንቅስቃሴ ክትትል ጋር የተያያዘ እንደሚሆን አስታወቀ። የ2010ሩ የጤና ሕግ፣ «ኦባማኬር» የምንለው፣ አሠሪዎች ከመድኑ ዋጋ እስከ 30 በመቶ የሚደርሰውን ከሠራተኛው የጤና ውጤት ጋር እንዲያያይዙት በር ከፍቷል። ስሙ «ማበረታቻ» ነው። ለሚራመደው 50 ዶላር መቀነስና ለማይራመደው 50 ዶላር መጨመር በሒሳብ አንድ መሆኑን ለማወቅ ግን አራተኛ ክፍል መድረስ ይበቃል።

እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤትም ባለፈው ኖቬምበር ሰዓቱን በነጻ ሰጥቶ ከአረቦኑ ላይ የሚቀንስ ወረቀት ልኮልኛል። መረጃው የት እንደሚቀመጥ ጠየቅሁ፤ ከሠራተኛ አስተዳደር ያገኘሁት መልስ «የአቅራቢውን ድረ ገጽ ይመልከቱ» የሚል ነበር። ተመለከትሁ። መረጃው «ለአጋሮቻችን» ሊተላለፍ እንደሚችል ተጽፏል፤ አጋሮቹ እነማን እንደሆኑ ግን አልተጻፈም። ቅናሹን ትቼ ሙሉውን እከፍላለሁ። እኔ እችላለሁ። ሌሊቱን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ አድሮ ቀን ታክሲ የሚነዳው፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድገው ወገኔ ግን በወር 50 ዶላር ከፍሎ ምሥጢሩን ሊያስጠብቅ ይችላልን? ምሥጢር የባለጸጎች ብቻ ሲሆን መብት መሆኑ ይቀራል።

«ሕግ ይጠብቀኛል» የሚል አለ። ሂፓ የሚባለው የ1996 ሕግ ሐኪሙን፣ ሆስፒታሉንና የጤና መድን ሰጪውን ያስራል፤ እናንተ ከሱቅ ገዝታችሁ የምታስሩትን ሰዓት የሠራውን ኩባንያ ግን በአብዛኛው አይነካም። ያው የልብ ትርታ ሐኪም ሲለካው ምሥጢር፣ ሰዓት ሲለካው ሸቀጥ ነው። ጉግል በ2019 ፊትቢትን በ2.1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ግዢውን የፈቀደው የተጠቃሚዎቹ የጤና መረጃ ለ10 ዓመት ለጉግል ማስታወቂያ እንዳይውል ግዴታ ካስገባው በኋላ ነው። ግዴታው የሚመለከተው በአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጠና ያሉትን ነው። ስቶክሆልም የምትኖረው እኅት ተቆጣጣሪ አላት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ያለው የኩባንያው ቃል ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የአእምሮው ጉዳይ ነው። ሰዓቶቹ አሁን «የጭንቀት ነጥብ» ይሰጡናል። በልብ ምቶች መካከል ያለውን የጊዜ ልዩነት ለክተው ነው ጭንቀታችንን የሚገምቱት። ልብ ግን በመርዶም፣ በሠርግም፣ በሦስተኛው ስኒ ቡናም ትመታለች። አማዞን በ2020 ያወጣው «ሃሎ» የተባለ አምባር ደግሞ ባለቤቱ ሲፈቅድለት ድምፁን እያዳመጠ ስሜቱን እነግረዋለሁ ይል ነበር፤ በ2023 ተዘጋ። አገር ቤት ስልክ ሲደውል የሚጮኸውን ሐበሻ ሰምቶ ምን ነጥብ ይሰጥ እንደነበር ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ሳቁ ግን አይዘልቅም። ሰዓት ባይሆንም ከዚሁ ገበያ የሆነው ቤተርሄልፕ የተባለ የኢንተርኔት የምክር አገልግሎት፣ በምሥጢር እይዛለሁ ያለውን የሰዎች የአእምሮ ጤና መረጃ ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለስናፕቻት ማሳለፉን የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አጋልጦ በ2023 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። እኛ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገራችን ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው የአማኑኤል ስም እንደ ስድብ ሲወረወር እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። እንዲህ ያለ ወሬ ትዳር ያፈርሳል፤ ከሥራም ያስወጣል።

መለኪያው ራሱ ለሁሉም እኩል አይደለም። በሆስፒታል ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በጥቁሮች ላይ የሚታየውን አደገኛ የኦክስጅን ማነስ ከነጮች በሦስት እጥፍ ገደማ አብልጦ ሳያይ እንደሚያልፍ በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የሰዓቶቹ መለኪያም ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ ነው የሚሠራው። ታዲያ አረቦኔ በዚህ ሚዛን ይመዘን?

ሰዓቱ ሰው ያድናል የሚሉኝን አልቃወማቸውም። አፕል ከስታንፎርድ ጋር ከ400,000 በላይ ሰዎችን ባሳተፈው ጥናት ከ200 ሰዎች አንዱ ገደማ የልብ ምቱ መዛባቱን ሰዓቱ አስጠንቅቆታል፤ ከእነዚህም ችግሩ በሌላ ምርመራ የተረጋገጠላቸው ነበሩ። ሐኪሙ ያዘዘለት ይሰር፤ የወደደም ይሰር። ክርክሬ ከመሣሪያው ጋር ሳይሆን የሚናገረውን ከሚሰማው ጋር ነው። «የምደብቀው የለኝም» ለሚለኝም የምመልስለት አለኝ። በ2014 የሲቲዝን ላብ ተመራማሪዎች በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተሮች በስለላ ሶፍትዌር መጠቃታቸውን ሲያጋልጡ፣ ጋዜጠኞቹ ወንጀለኞች አልነበሩም። ኮምፒውተሩ ቢያንስ ማታ ይዘጋል፤ ሰዓቱ ግን እንቅልፋችንንም ይቆጥራል።

አገር ቤት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ እሰየው። የሚፈተነው ግን መርካቶ ተገዝቶ መረጃውን ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር የሚልክ ሰዓት ላይ ነው። እዚህ ያለን ደግሞ መጪው የመድን ምዝገባ ወቅት ሲደርስ ያው ወረቀት በየቤታችን ይመጣል። «እስማማለሁ» ከማለታችሁ በፊት መረጃው ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ሥራ ብትለቁ እንደሚጠፋ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ይስጧችሁ።