«ኔትወርክ ነው» ሁሌ መልስ አይሆንም

አንድ የጥሊሊ ባጃጅ ነጂ ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፎ ተራው ደረሰ እንበል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ሆኗልና ስልኩን አውጥቶ የሚስጥር ቁጥሩን አስገባ። ክቧ መሽከርከር ጀመረች። ቀጂው ይጠብቃል፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባ ይነፋል። ብሩ ሄዷል ወይስ አልሄደም? አፑ ምንም አይልም። ሰውየው ዘግቶ ከፍቶ ድጋሚ ይከፍላል። ማታ ሒሳቡን ሲያይ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል።

የሚሰጠው መልስ «ኔትወርክ ነው» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የአፕ ሠሪው ዕዳ ነው።

ስልኩና ሰርቨሩ የሚነጋገሩበት የመስመር ጫፍ ሶኬት ይባላል። መስመሩ መሀል ላይ ሲሞት ለሶኬቱ መርዶ የሚነግረው የለም። የአንድሮይድ መሠረት የሆነው ሊኑክስ በተለመደው ቅንብሩ መልስ ያጣ መልእክትን እየደጋገመ ሲልክ 15 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ዝም ያለውን መስመር «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ደግሞ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም አፑ ካዘዘው። ይህ ትዕግሥት ለብዙ ሥራ ይጠቅማል። ወረፋ ላይ ለቆመ ሰው ግን ቅጣት ነው።

ስለዚህ ቀነ ገደቡን ማስቀመጥ ያለበት አፑ ራሱ ነው፦ በሰከንዶች ውስጥ መልስ ከሌለ አሮጌውን ሶኬት ዝጋ፣ አዲስ ክፈት። መዝጋት ብቻውን ግን የባሰ ነው፤ ጥያቄው ደርሶ የጠፋው መልሱ ብቻ ሊሆን ይችላላ! እያንዳንዱ ክፍያ ከስልኩ ሳይወጣ የራሱ ቁጥር ይሰጠው። አፑ ሲመለስ «ይህ ቁጥር ተከፍሏል?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሰርቨሩም አንዱን ቁጥር ሁለቴ አይፈጽም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የትኛውም አፕ መፍትሔ አልነበረውም። ያኔ ግን ቢያንስ መጥፋቱ ይታወቃል፣ ሰው ወደ ጥሬ ብር ይመለሳል። ኪስ የሚያራቁተው አለ ሲሉት የሚጠፋው ኔትወርክ ነው።

ለክፍያ ድርጅቶች ፈቃድ የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ይህን ይጠይቅ። ፈተናው ርካሽ ነው። ስልኩን ከዋይፋይ ማገናኘት፣ «ክፈል» የሚለውን መጫን፣ ወዲያው ከዋይፋዩ ጀርባ የኢንተርኔቱን ገመድ መንቀል። ስልኩ አሁንም የተገናኘ ይመስለዋል። ከዚያ አፑ ለደንበኛው ምን እንደሚለው፣ በስንት ሰከንድም እንደሚለው ማየት ነው።